በሰው ወረፋ

እኛ ገንዘብ አልከፈልንም። ይህን አስቀድመን እንናገር፤ ኋላ "እናንተን ምን አገባችሁ?" የሚል እንዳይመጣብን። ማሽኑን ያዘዙት፣ ገንዘባቸውን ያስያዙት፣ ቀን የቆጠሩት ሌሎች ናቸው። እኛ የጠበቅነው በሰው ገንዘብና በሰው ወረፋ ነው። ግን ጠበቅን። ያውም ከልባችን፣ አንዳንዴም ከባለቤቶቹ ብሰን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቁጠሩልን) ሲያትል ከተማ ያለ ግሎውፎርጅ የተባለ ጀማሪ ኩባንያ ብቅ አለና "ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የሌዘር መቁረጫ ልሠራላችሁ ነው፤ ገንዘቡን አሁን፣ ማሽኑን በኋላ" አለ። ቀድሞ ለከፈለ በግማሽ ዋጋ፤ ትንሹ ማሽን 1,995 ዶላር። ለዘመቻው 30 ቀን ሰጠ። በ30 ቀን ውስጥ 27.9 ሚሊዮን ዶላር ገባለት። እስከዚያ ድረስ በ30 ቀን ዘመቻ ይህን ያህል የሰበሰበ አልነበረም።

ሰዉ ሞኝ አይደለም። ከሦስቱ መሥራቾች አንዱ ዳን ሻፒሮ ከዚያ በፊት በ2013 ለትንንሽ ልጆች የፕሮግራም አጻጻፍ ሀሁን የሚያስተምር "ሮቦት ተርትልስ" የተባለ የሰሌዳ ጨዋታ ለመሥራት በኪክስታርተር ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ሰብስቦ ጨዋታውን ለባለቤቶቹ አስረክቧል። ማለት ገንዘብ ተቀብሎ ስልኩን የሚያጠፋ ዓይነት ሰው አልነበረም። የሰሌዳ ጨዋታ ግን ካርቶን ነው። ካርቶን አይሞቅም፣ ውስጡ ማቀዝቀዣ የለውም፣ መስታወቱ ሲጣመም ማንንም አያሳውርም።

ለመሆኑ የሌዘር መቁረጫ እንዲህ ሰው የሚያሳብደው ምን ስላለው ነው? ጨረሩ አዲስ አይደለም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ኩማር ፓቴል ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው በ1964 ነው። ጋዝ የሞላበት የብርጭቆ ቱቦ፣ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ፣ ሁለት ሦስት መስታወት፣ መጨረሻ ላይ ጨረሩን ወደ ቀጭን ነጥብ የሚሰበስብ ሌንስ። ዓይን የማያየው ጨረር ነው። ነጥቡ ያረፈበት እንጨት እንደ መጋዝ አይፈረፈርም፤ ተንኖ ይጠፋል። ቆዳ፣ ወረቀት፣ አክሪሊክ፣ ኮምፔንሳቶ ሁሉ ይቆርጣል። ብረት ግን አይችልም፤ የዚህ ማሽን 40 ዋት ለብረት ቀልድ ነው።

ርካሽም ነበረ። ቻይና የሚሠራውን፣ በተለምዶ "ኬ 40" የሚባለውን ማሽን በጥቂት መቶ ዶላር ማግኘት ይቻል ነበር። ግን መስታወቶቹን ራስህ ታስተካክላለህ፣ ውሃውን በባልዲ አድርገህ በፓምፕ ታዞራለህ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ክዳኑን ስትከፍት ጨረሩ በራሱ አይጠፋም። ይህን አንብቦ ወደ ኋላ ያላለ ሰው ወይ መሐንዲስ ነው ወይ ዓይኑን አይወድም። ግሎውፎርጅ የሸጠው እንግዲህ ጨረሩን አይደለም፤ ፍርሃት የሌለበትን ጨረር ነው። ክዳኑ ላይ ካሜራ አለ። እንጨትህን ታስገባለህ፣ ስዕልህን በእንጨቱ ፎቶ ላይ ታሳርፋለህ፣ አንዲት ቁልፍ ትጫናለህ። በቃ።

እኛንም የያዘን እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን አንዷ የሠርግ ጥሪ ካርድ ትሠራለች፤ ፊደሉን ከወፍራም ወረቀት በምላጭ እየቆረጠች። "መ"ን ቆርጦ ለማውጣት የሞከረ ያውቃል። ሁለቱ ክቦች ውስጥ ምላጩ ሲዞር ወይ ወረቀቱ ይቀደዳል ወይ ጣት። ሌላው ጌታ በመሐንዲስነት ተመርቆ ከወረቀት በቀር ምንም ሠርቶ አያውቅም። ሁለት ሺህ ዶላር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ያዘዙትን ሰዎች ማየት ያዝን። ኳስ እንደሚያይ ሰው ማለት ነው። መሬት ላይ ወርደህ አትጫወትም፤ ሲሸነፉ ግን እራት አትበላም።

ከዚያ ቀኑ መንሸራተት ጀመረ። የ2016 አጋማሽ የተባለው የ2016 መጨረሻ ሆነ። የ2016 መጨረሻ ደግሞ 2017 ሆነ።

ወረፋ መጠበቅን ለእኛ ማንም አያስተምረንም። ለስኳር ተሰልፈናል፣ ለታክሲ ተሰልፈናል፣ ቤት ይደርሰናል ብለው ባንክ ገንዘብ ሲያስገቡ ልጆቻቸው ያደጉባቸውን ጎረቤቶች እናውቃለን። ግን የእኛ ወረፋ የሚታይ ወረፋ ነው። ከፊትህ ያለው ሰው ጀርባ ይታይሃል። የእቁብ ዕጣ የመጨረሻው የሆነበት ሰው እንኳን ሰብሳቢውን በስም ያውቀዋል፣ ያለፈው ሳምንት ማን እንደወሰደ ያውቃል፣ የወሰደው ሰው በሩ ላይ ያቆመውን አዲስ ፍሪጅ አይቷል። የእነዚህ ሰዎች ወረፋ ግን ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነበር። ማንም አልወሰደም። ሁሉም ሰው የመጨረሻ ነው።

የሙከራ ማሽኖቹ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ኩባንያው የመጨረሻውን ማሽን ሳይጨርስ ያላለቀውን ለጥቂት ደንበኞች መላክ ጀመረ። ያዙት፣ ሥሩበት፣ የጎደለውን ንገሩን፤ የራሳችሁ ያለቀው ማሽን ተራው ሲደርስ ይመጣላችኋል።

መጀመሪያ ስንሰማ ተንኮል መስሎን ነበር። ለጥቂቱ አቅምሰህ ብዙውን ዝም ማሰኘት። እያደር ግን ሥራውን ስናጤነው ሌላ ነገር ታየን። ሲያትል ውስጥ ባለ የኩባንያ ክፍል ማሽን መሞከርና ሰው ቤት መሞከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮምፔንሳቶን ውሰዱ። ንብርብሮቹ የተጣበቁበት ሙጫ አንዱ ቦታ ሳስቶ ሌላው ቦታ ይወፍራል፤ ውስጡ የተደበቀ ጉጥም ይኖራል። ጨረሩ እዚያ ሲደርስ ይቸገራል፤ ቅርጹ ሁሉ ተቆርጦ አንዲት ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ሳይበጠስ ይቀራል። ኩባንያው ራሱ የመረጠውን እንጨት እየቆረጠ ይህን አያገኘውም። ከሰፈሩ እንጨት ቤት ርካሹን ገዝቶ የሚያስገባ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ያገኘዋል።

ሙቀቱም እንዲሁ። ቱቦው የሚቀዘቅዘው በሚዞር ፈሳሽ ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅ ፈሳሹም ይሞቃል፣ ፈሳሹ ሲሞቅ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። ትንሹ ማሽን ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ በሞቀ ክፍል እንዲሠራ የታሰበ አልነበረም። ሲያትል ይህ ችግር አይደለም። ቴክሳስ ኦገስት ወር ላይ ጋራዡ ውስጥ ማሽን የተከለ ሰው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው ያለው። ካሜራውስ? ክዳን ላይ የተሰቀለ ሰፊ ሌንስ ምስሉን ወደ ዳር ያጎብጠዋል፤ መሐል ላይ ልክ የሆነው ጠርዝ ላይ ሲደርስ በሚሊሜትሮች ይስታል። ቁልፍ መያዣ ለሚሠራ ምንም አይደለም። ተቆርጦ የቀረ ቆዳ ላይ ክፍት ቦታ ፈልጎ ለሚያሳርፍ ግን ሙሉው ኪሳራ ነው።

እና የእነዚህ ሰዎች ፎቶ መምጣት ጀመረ። እኛም ልማድ አወጣን፤ ቡና ላይ ስንገናኝ የሳምንቱን የተቆረጠ ነገር አንድ በአንድ ማየት። መብራት፣ ሳጥን፣ የዳይኖሰር አጥንት፣ የውሻ ስም የተጻፈበት የቆዳ አንገትጌ። ምርጥ ምርጡን ስናይ እንዴት እንደተከፋን ብንነግራችሁ አታምኑንም። ያማረው ዕቃ በመጣ ቁጥር የሚጠብቁት ሰዎች ጭንቀት ሲብስ ታዘብን፤ የእኛም ባሰ። ያማረውን ኩባንያውም አሳይቶናል። የማስታወቂያ ቪዲዮው ያማረ ነበር። ገንዘቡን ያስከፈለው ያማረው ነው።

እፎይ ያልነው አንዱ የተቃጠለ እንጨት ሲያሳየን ነው።

ጥቁር ጠርዝ ያለው፣ ግማሹ ያልተቆረጠ፣ ስዕሉ ከቦታው የተንሸራተተ። ከሥሩ ዝርዝሩ አለ፤ የእንጨቱ ዓይነት፣ ውፍረቱ፣ ፍጥነቱ፣ ጉልበቱ፣ ጨረሩ ስንት ጊዜ እንዳለፈበት፣ በሁለተኛው ሙከራ ምን እንደለወጠ። ይህን ስናይ "አለ!" አልን። ማሽኑ አለ ማለታችን ነው። ውሸት የሆነ ማሽን እንጨት አያበላሽም። ተስፋ ጭስ የለውም። ካርድ የምትሠራዋ ልጅ ያን ቀን ያለችውን አንረሳም፤ "አሁን ቢያንስ ምን እንደሚያቅተው አወቅሁ"። ምን እንደሚያቅተው የምታውቀውን ነገር ልትጠብቀው ትችላለህ። ሁሉን እችላለሁ የሚልህን ግን በምን ትለካዋለህ?

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚከነክን ነገር አለ። የሙከራ ማሽን የደረሰው ሰው ምንድን ነው? ከፍሏል፤ ስለዚህ ደንበኛ ነው። ይሞክራል፣ ጉድለት ይመዘግባል፣ ለኩባንያው ያስረዳል፤ ስለዚህ ሠራተኛ ነው። ደመወዝ ግን የለውም፤ እንዲያውም ለመሥራት የከፈለው እሱ ነው። በየትኛው አገር ነው ተቀጣሪ ለቀጣሪው ሁለት ሺህ ዶላር የሚከፍለው? (ደላሎችን አትጥሩብን፣ እነሱን እናውቃቸዋለን።) ሦስተኛ ነገርም አለው፤ እንግዳ ነው። ከሺዎች መሐል ተመርጦ ቀድሞ ተጋብዟል። ተጋብዞ የበላ ሰው ደግሞ ወጡን ለማማት አፉ ይከብደዋል።

ስለዚህ በሰዎቹ መሐል መለየት ጀመርን። ሁልጊዜ "ይገርማል! ግሩም ነው!" የሚለው አለ፤ እሱን አለፍነው። ሁልጊዜ የሚራገመውንም አለፍነው፤ ንዴቱ እውነት ነው፣ ግን ስለ እንጨቱ አንድም ነገር አይነግረንም። የወደድነው ያን ሦስተኛውን ነው። ማሽኑን ይወደዋል፣ ግን አይሸፍንለትም። እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቶ ያንኑ ቅርጽ በአራት ዓይነት ፍጥነት ቆርጦ ደርድሮ ፎቶ ያነሳል። ይህ ሰው ለማን ነው የሚሠራው? ለኩባንያው እንዳትሉን። ከኋላው ለተሰለፈው ነው። ቀድሞ ደርሶታልና ዕዳ እንዳለበት ያውቃል።

ዕዳ የሌለባቸው የመሰላቸውም ነበሩ፤ ሳጥኑን ከፍተው ድምፃቸው የጠፋ። መብታቸው ነው እንበል እንጂ ለእነሱ ቡና አንጋብዝም።

የሰዉ ጭንቀት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዚያው ሰሞን አካባቢው በሙሉ ይፈርስ ነበር። ፔብል የተባለው የእጅ ሰዓት ኩባንያ በ2015 ከሃያ ሚሊዮን ዶላር በላይ በኪክስታርተር ሰብስቦ በዲሴምበር 2016 ተዘጋ፤ ፊትቢት ንብረቱን ገዛው፣ ገና ሰዓታቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው መጠበቅ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ፣ በጃንዋሪ 2017፣ ወደ ላይ ተወርውራ ባለቤቷን እየተከተለች ፊልም ታነሳለች የተባለችውን ሊሊ የተባለች ድሮን ሊሠራ 34 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በቅድሚያ የተቀበለው ኩባንያ አንዲት ድሮን ሳያስረክብ በሩን ዘጋ። ከዚያ በፊት በ2014 ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው "ኩለስት ኩለር" የተባለው የበረዶ ሳጥን ደግሞ እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ እየተንገታገተ ሄዶ ብዙዎቹን ባዶ እጃቸውን አስቀራቸው። ሌዘር የሚጠብቀው ሰው ጠዋት ዜና ከፍቶ ይህን ያነባል፤ ከዚያ ማታ "ቀኑ ጥቂት ተገፍቷል" የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። አንተ ብትሆን ትተኛለህ?

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር መመስከር አለብን። ግሎውፎርጅ ገንዘቤን መልሱልኝ ላለ ደንበኛ ይመልስ ነበር። ማሽንህ ከመላኩ በፊት በቃኝ ካልክ መውጫው ክፍት ነው። ይህ በእንዲህ ዓይነት ዘመቻ የተለመደ አይደለም። ግን መውጫው ክፍት መሆኑ ጭንቀቱን አላቀለለውም፤ እንዲያውም ቀን ቀን እንደገና እንድትወስን አደረገህ። ብትወጣ ግማሽ ዋጋው ያመልጥሃል። የጠበቅከው ዓመት ከንቱ ይቀራል። ደግሞ በነጋታው ቢመጣስ? ታክሲ ጠብቀህ ጠብቀህ በእግርህ ከጀመርክ በኋላ ባዶ ታክሲ ሲያልፍህ ያለው ስሜት ነው የሚያስፈራው። አንዳንዱ በዚህ መሐል ዘዴ ፈጠረ፤ ወረፋውን ሳይለቅ ያን ርካሹን ኬ 40 ገዝቶ መሥራት ጀመረ። እኛ ይህን ሰው በጣም እናደንቃለን። ባልዲውንም ጭምር።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር ነበር፤ የሙከራ ማሽኖቹ ግልጽ ያወጡት። ማሽኑ ብቻውን አያስብም። ስዕልህ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተሮች ይሄዳል፣ እዚያ ወደ እንቅስቃሴ ይተረጎማል፣ ተመልሶ ይመጣል። ኢንተርኔት ከሌለ መቁረጥ የለም። አሜሪካ ላለ ሰው ኢንተርኔቱ ያን ያህል ላያስጨንቀው ይችላል፤ እኛ ስንሰማው ግን ተያይተን ሳቅን። ከባዱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ኩባንያው ቢሞትስ? ፔብል ከተሸጠ በኋላ ሰዓቶቹን የሚደግፈው አገልግሎት በጁን 2018 ተቋርጧል፤ ያም ሆኖ ሰዓቱ ሰዓት መቁጠሩን አልተወም። ሌዘሩ ግን ኩባንያው ከሌለ ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝን ቆንጆ ነጭ ሳጥን ነው። ሰዎቹ የከፈሉት ለማሽኑ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ለኩባንያው ዕድሜም ነው።

ጭሱም አለ። እንጨት ሲተን ጭስ ነው፤ ወፍራም ቱቦ በመስኮት አውጥተህ ትለቀዋለህ። አፓርታማ ላለ፣ መስኮቱ ለማይከፈትለት ሰው ኩባንያው የአየር ማጣሪያ ይመጣል ብሎ ለብቻው አስከፍሎ ነበር። ማጣሪያው ከማሽኑም በላይ ዘገየ። እነዚህ ሰዎች ማሽኑ ደርሶላቸው ሳሎን አስቀምጠውት የሚያዩት ሰዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ያዘንነው ለእነሱ ነው። (በነገራችን ላይ ማጣሪያ ኖረም አልኖረም ፒቪሲ የተባለውን ፕላስቲክ ሌዘር ውስጥ የሚከት ሰው ካወቃችሁ አስቁሙት፤ የሚወጣው ክሎሪን ያለበት ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረት ይበላል።)

መዘግየቱን እኛ ይቅር ብለናል፤ ይቅር የማለት መብት ካለን። እንዲህ ያለ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ በሺዎች ማምረት ከባድ ነው፣ ያልበሰለውን አውጥቶ የሰው ዓይን ከማጥፋት መዘግየቱ ይሻላል። ያናደደን የቀኑ እርግጠኝነት ነው። ባለሙያ ልብስ ሰፊ እንኳን "ለፋሲካ ይደርሳል" ሲል ድምፁ ውስጥ ትንሽ ጥርጣሬ ይሰማሃል፤ አንተም በልብህ ለዳግማይ ትዘጋጃለህ። እነዚህ ግን ቀን ሲሰጡ ሰዉ የሥራ ፈቃድ ጠየቀ፣ ጋራዥ አጸዳ፣ ለገና ገበያ ትእዛዝ ተቀበለ። ለገና የተቀበለውን ትእዛዝ ምን ያደርገዋል? ይህን ጥያቄ የሙከራ ማሽኖቹም አልመለሱትም፤ የደረሱት ለጥቂቶች ነበርና።

ማሽኖቹ በኋላ መጡ። ለአንዳንዱ በ2017፣ ለአንዳንዱ በ2018። በ2018 ኩባንያው ለማንኛውም ገዢ በቀጥታ መሸጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የሳምንቱ ፎቶ ብዛቱ ከአቅማችን በላይ ሆነና ማየቱን ተውን፤ ሁሉም ሰው ሲደርሰው ማየቱ አያጓጓም። ካርድ ሠሪዋ ጓደኛችን አሁን ፊደሎቿን ሌዘር ካለው ሱቅ ታስቆርጣለች። የ"መ"ን ክቦች ከፎቶዎቹ ከተማረችው በመነሳት በቀጭን ድልድይ ታያይዛቸዋለች፤ ሲቆረጥ እንዳይወድቁ።

አንድ ነገር ብቻ ከዓይናችን አልጠፋም። የማሽኑ ካርቶን። ኩባንያው ካርቶኑን እንዳይጥሉት ለሰዎቹ ይመክር ነበር፤ ማሽኑ ቢበላሽ ተመልሶ የሚሄደው በዚያው ካርቶን ነውና። ትልቅ ነው፣ ልጅ ይደበቅበታል። በየፎቶው ዳር፣ ከተቆረጠው ቆንጆ ነገር ኋላ፣ በር ሥር ወይም ከመኪናው አጠገብ ይታያል። ሁለት ዓመት የጠበቁትን ማሽን እየሠሩበት፣ ካርቶኑን ግን ማንም አላጣጠፈውም።